ትውልድን ስለ መቁጠር፤ በየጁና በአየርላንድ

ሰው የማን ልጅ እንደ ሆነና አባቶቹ ከየት እንደ መጡ ለማወቅ መመኘቱ በአገር ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ይህን የሚያውቅበት መንገድ በየሕዝቡ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ሕዝብ የአባቶቹን ስም በመዝገብ ጽፎ ያኖራል፤ ሌላው በቃሉ ይዞ ለልጁ ያስተላልፋል። መዝገብ የሚጠፋው በእሳትና በውሃ ነው፤ ቃል ግን የሚጠፋው የያዙት ሽማግሎች ሲሞቱና ሰሚ የሚሆኑት ልጆች ሲበተኑ ነው። በወሎ ምድር ይህ ሁለተኛው ጥፋት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተፈጽሟል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ፣ በቃል የተያዘው የትውልድ ቆጠራ በምን ሥርዓት ይጠበቅ እንደ ነበር፣ ለምን እንደ ላላና ዛሬ የሚፈልገው ሰው በምን ብልኀት ሊያገኘው እንደሚችል ነው።

ምሳሌውን የምንወስደው ከየጁ፣ ይኸውም በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ዙሪያ ካለው አገር ነው። ለማነጻጸሪያ ደግሞ አየርላንድን እናቀርባለን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በትምህርት ምክንያት በዚያ አገር በቈየበት ጊዜ ያስተዋለው ነገር ቢኖር፣ ከአሜሪካና ከአውስትራልያ የሚመጡ ብዙ ሰዎች የቅድመ አያቶቻቸውን መንደር ለማግኘት በየቤተ መዛግብቱና በየመቃብሩ ሲደክሙ ነው። አየርላንድ እንደ ወሎ ሁሉ የትንንሽ ገበሬዎች አገር ነበረች፤ መሬት በዘመድነት ይወረስባት ነበር፤ ረኃብም ሕዝቧን በትኖታል። ስለዚህ ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ማየት ለአንባቢ ይጠቅማል። ስለ ኢትዮጵያ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ ስለ ሌሎች አገሮች የተጠቀሱት ግን በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ትውልድ ስለ ምን ይቈጠር ነበር

ብዙ ሰው ዘር መቁጠርን ለክብር ብቻ የሚደረግ ነገር አድርጎ ይገምተዋል። በሰሜን ኢትዮጵያ ግን ቆጠራው ከሁሉ በፊት የመሬት ጉዳይ ነበር። በየጁ መሬት የሚያዝበት ሥሪት ከስፍራ ወደ ስፍራ ይለያይ ነበር፤ በርስት በሚያዝበት ስፍራ ግን አንድ ሰው መሬት የማግኘት መብት የሚኖረው፣ መሬቱን አስቀድሞ ካቀናው አባት መወለዱን ቆጥሮ ባስረዳ ጊዜ ነበር። አቅኚ የተባለው አባት ልጆች ወንዶችም ሴቶችም ቢሆኑ ድርሻ አላቸው፤ የእነርሱም ልጆች እንዲሁ። ስለዚህ አንድ ገበሬ በአባቱ አባት በኩል በአንዱ ደብር፣ በአባቱ እናት በኩል በሌላው፣ በእናቱ በኩል ደግሞ በሦስተኛው ደብር የርስት ጥያቄ ሊያነሣ ይችል ነበር።

አላን ሆበን የተባሉ አሜሪካዊ የኅብረተ ሰብ ሊቅ ይህንን ሥርዓት በጎጃም በዳሞት አጥንተው ውጤቱን በ1973 በመጽሐፍ አሳትመዋል። እርሳቸው እንዳሳዩት፣ የአንድ ሰው የርስት መብት በቆጠራ ብዙ ቢሆንም በእጁ የሚገባው ግን ጥቂቱ ነበር፤ ይኸውም ተሟግቶ፣ ዘመድ አስተባብሮና ምስክር አቁሞ ሊያስከብረው የቻለው ብቻ ነው። እንግዲህ ቆጠራ የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን በዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነበር ማለት ነው። ተሟጋቹ አባቶቹን ሲጠራ ባላጋራው በጥሞና ያደምጠዋል፤ አንድ ስም ቢዘል ወይም ወንድምን በአባት ቦታ ቢያስገባ ወዲያው ይነቅፈዋል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ብሂል የተነገረውም ቆጠራ እስካልጠፋ ድረስ መብት አይጠፋም የሚለውን እምነት ለመግለጽ ነው።

ሁለተኛው የቆጠራ ምክንያት ጋብቻ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ ዝምድናቸው ሰባት ቤት ያልሞላ ወንድና ሴት እንዳይጋቡ የታወቀ ልማድ ስላለ፣ ከእጮኛ በፊት ሽማግሎች በሁለቱም ወገን ይቈጥራሉ። ስለዚህ ከአያትና ከቅድመ አያት አልፎ እስከ ቅም አያት፣ እስከ ምንዥላትና እንጅላት ድረስ የሚጠሩ የዝምድና ስሞች በዐማርኛ መኖራቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ስፍራ አንባቢ አንድ ቀላል ሒሳብ ልብ እንዲል እንወዳለን። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። እንዲህ እያለ ወደ ላይ ሲቈጠር በሰባተኛው ቤት 128 ይደርሳል። ከነዚህ ከ128ቱ መካከል የአንዱን ስም ብቻ ይዞ «እኔ የእገሌ ዘር ነኝ» የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን መርጦ ተናግሯል። የትውልድ ተመራማሪ ተቀዳሚ ሥራም፣ ይህ አንዱ ስም ተመርጦ ሲያዝ 127ቱ ስለ ምን እንደ ተተዉ መጠየቅ ነው።

በአየርላንድ ጥንታዊ ሕግም መሬት የቤተ ዘመድ ነበር። ከአንድ ቅድመ አያት የተወለዱ ወንዶች አንድ የወራሽ ማኅበር ሆነው ይቈጠሩ ነበር። ትውልድን መጠበቅም በዘር የሚወረስ የሊቃውንት ሥራ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ዱዋልታህ ማክ ፊርቢሲ የተባለው ሊቅ በ1650 ገደማ የአገሩን ቤተ ሰቦች የትውልድ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። የአገሩ አሮጌ ሥርዓት በእንግሊዝ ኀይል እየፈረሰ በነበረበት ወራት መጻፉ ሊታወስ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ቆጠራ በጽሕፈት የሚሰፍረው ሊጠፋ በተቃረበበት ሰዓት ነውና።

ስለ ስም

የአየርላንድ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከቤተ ሰብ ስም ነው። በቋንቋቸው «ኦ» ማለት የልጅ ልጅ ወይም ተወላጅ፣ «ማክ» ማለት ልጅ ነው። ኦኒል ማለት የኒል ተወላጅ፣ ማክ ካርቲ ማለት የካርቲ ልጅ ማለት ነው። እነዚህ ስሞች ከ10ኛውና ከ11ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ባሉበት ረግተው ቀሩ። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙዎች «ኦ» እና «ማክ» የሚሉትን ቃላት ከስማቸው ቢያወጡም ዋናው ስም ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ ዘልቋል። ስለዚህ ሲፈለግ እንደ ክር ተይዞ ወደ ኋላ ይስባል። ነገር ግን ይህ ክር የአባትን መስመር ብቻ ስለሚከተል የእናቶችን ወገን ይሸፍናል።

በእኛ አገር ስም ከትውልድ ጋራ ይጓዛል። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው፤ የልጅ ልጁ ሲመጣ ያ ስም ወደ ኋላ ይቀራል። በሦስተኛው ትውልድ የአንድ አያት ልጆች በስማቸው የማይተዋወቁ ይሆናሉ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ሕዝቡ ወደ ልማድ አላስገባውም። በአንጻሩ ግን የእኛ ልማድ አንድ ጥቅም አለው፤ ስም ብቻውን ስለማይበቃ ሰው አባቶቹን አንድ በአንድ ለመጥራት ይገደዳል።

በየጁ ሌላ ችግር ይጨመራል። አንዱ ሰው ብዙ ስም አለው። የዓለም ስሙ አንድ ነው፤ የክርስትና ስሙ ሌላ ነው፤ መኳንንት ከሆነ ደግሞ እንደ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ያለ የፈረስ ስም አለው። በደብር መጽሐፍ የሚገኘው የክርስትና ስሙ ሲሆን፣ በሙግት የሚጠራው የዓለም ስሙ ነው፤ ፈላጊው ሁለቱን ሳያውቅ አንዱን ሰው ሁለት ሰው አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። ከዚህም በላይ በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ የሚገናኙ በመሆናቸው፣ በአንድ የትውልድ ሐረግ ላይ ዓሊና ወልደ ጊዮርጊስ፣ ፋጡማና ወለተ ማርያም ተከታትለው ቢገኙ አያስደንቅም። በ1870 ዓ. ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል መባላቸውና ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነው መንገሣቸው በታሪክ የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን ስሙን የለወጠ ተራ ገበሬም ነበረ፤ የእርሱን ግን የጻፈለት የታሪክ ጸሐፊ የለም። ስለዚህ በወሎ የሚፈልግ ሰው ስም በተለወጠበት ስፍራ ዘር የተቋረጠ እንዳይመስለው ይጠንቀቅ።

የወረ ሼህ ምሳሌ

በየጁ ምድር ከተነሡት ቤተ ሰቦች ሁሉ በታሪክ የገነነው ወረ ሼህ ነው። «ወራ» በኦሮምኛ ቤተ ሰብ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የሼህ ቤተ ሰብ የሚል ትርጕም አለው። ትውፊቱ የቤቱን አባት ሼህ ዑመር ይለዋል፤ ከዐረብ አገር መጥቶ በግራኝ ዘመን በየጁ እንደ ተቀመጠም ይተርካል። ከዚህ ቤት የተነሡት ራሶች ከትልቁ ራስ ዓሊ ጀምሮ፣ ማለት ከ1776 ዓ. ም. አንሥቶ፣ ትንሹ ራስ ዓሊ በሰኔ ወር 1845 ዓ. ም. በአይሻል በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት እጅ ድል እስከ ሆኑ ድረስ ሰባ ዓመት ያህል በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ገዝተዋል።

አሁን ከትንሹ ራስ ዓሊ ጀምረን ወደ ላይ እንቍጠር። ትንሹ ራስ ዓሊ የአሉላ ልጅ ናቸው፤ አሉላ የራስ ጉግሣ ልጅ ናቸው። ራስ ጉግሣ ግን ከትልቁ ራስ ዓሊ ጋራ የሚገናኙት በአባታቸው ሳይሆን በእናታቸው ነው፤ እናታቸው የትልቁ ዓሊ እኅት ነበሩና። እንግዲህ አባት ብቻ እየጠራ የሚወጣ ሰው ከትንሹ ዓሊ ተነሥቶ ከትልቁ ዓሊ ሊደርስ አይችልም። የአገሩ ገዢ ቤት እንኳ የቆመው በአንዲት ሴት በኩል ባለፈ ዝምድና ነው። እንደዚሁም እቴጌ ጣይቱ ከየጁ ቤት የሚወለዱት በአባታቸው በራስ ብጡል እናት በኩል ሲሆን፣ እኒህም የራስ ጉግሣ ልጅ ወይዘሮ ሂሩት ነበሩ። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል የየጁ ገዢ የሆኑትም ከዚህ ዝምድና ጋራ በሚስማማ ሁኔታ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ በእኛ አገር ትውልድን በወንድ መስመር ብቻ ማስፈር ከባዕድ የተወሰደ ልማድ እንጂ የነባሩ ሥርዓት ጠባይ አለመሆኑን ነው።

ስለ ሼህ ዑመር የሚነገረውን ትውፊትስ እንዴት እንመልከተው? በአየርላንድም ይህን የሚመስል ነገር አለ። በ11ኛው ምዕት ዓመት የተሰበሰበው የአየርላንድ የወረራዎች መጽሐፍ የአገሩን ሕዝብ ከስፔን በመርከብ ከመጡት ከሚል ልጆች ያወርዳል፤ ከዚያም አልፎ ከኖኅ ጋራ ያገናኘዋል። የዛሬ ሊቃውንት ይህን እንደ ታሪክ ማስረጃ አይቀበሉትም። ነገር ግን ከንቱ ነው ብለው አይጥሉትም፤ የጻፉት ሰዎች በክርስቲያኑ ዓለም መካከል ለአገራቸው ምን ቦታ ይመኙ እንደ ነበር ያስረዳልና። የወረ ሼህም ትውፊት በዚሁ ዐይን ሊታይ ይገባል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሃይማኖተኛ አባት መኖሩ፣ በአገሩ ነባር ባለርስቶች መካከል ለሚነሣ አዲስ የገዢ ቤት ክብርን ይሰጣል። የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚለው የነገሥታቱ ቤትም ያደረገው ይህንኑ ነው። በጠቅላላው የሐረጉ የታችኛው ክፍል በሙግት የተፈተነ ስለ ሆነ የታመነ ነው፤ የላይኛው ጫፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የክብር ንግግር ነው። የመካከሉ ክፍል ደግሞ ይጠብባል፤ ዝነኛ ያልሆኑ አባቶች ይረሱና የልጅ ልጅ ልጅ ተብሎ ይቀርባል።

የሥጋ ልደትና የመንፈስ ልደት

በየጁ የሚፈልግ ሰው ከሚገጥሙት ስሕተቶች አንዱ የመንፈስን ሐረግ የሥጋ ሐረግ አድርጎ መውሰድ ነው። በየጁ ስመ ጥር በሆነው በዳና እና በሌሎቹ የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች የሚገኘው ሲልሲላ፣ ትምህርቱና ፈቃዱ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ የሚያሳይ የመምህራን ሰንሰለት ነው። የሥጋ ትውልድ ግን ነሰብ ይባላል። አንዳንድ ጊዜ መምህሩ የደቀ መዝሙሩ አባት ስለሚሆን ሁለቱ ሰንሰለቶች ይገጥማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይለያያሉ።

በክርስቲያኑም ወገን እንዲሁ ነው። በ13ኛው ምዕት ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያቋቋሙት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መነኰሳት ትውልድ አላቸው፤ ይህም ትውልድ ከታላቁ እንጦንስ ጀምሮ ቆብ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ይናገራል። «ወለደ» የሚለው ቃል በዚያ የሚያመለክተው ምንኵስናን ነው። ከዚህም ሌላ የክርስትና ልጅ፣ የነፍስ ልጅና የጡት ልጅ አለ። የጡት ልጅነት በተለይ ከባድ ትስስር ነው፤ በሥጋ ያልተወለደ ሰው በመሐላና በሥርዓት ልጅ ሆኖ ይቈጠርና ከጥቂት ትውልድ በኋላ ልዩነቱ ይረሳል። ይህ ልጅነት ሐሰት አይደለም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ዘመድ ሆነው ኖረዋልና። ጸሐፊው ግን በየትኛው ዐይነት ልጅነት እንደ ተገናኙ ለይቶ መጻፍ አለበት።

ሁለት ረኃቦች

የአየርላንድ ሰዎች ከ1845 እስከ 1849 በድንች በሽታ ምክንያት በደረሰባቸው ታላቅ ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሲሞቱ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ደግሞ ባሕር ተሻግረው ተሰደዱ። በ1922 ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በደብሊን ከተማ የነበረው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ተቃጠለ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል በዚያ እሳት ጠፋ፤ ከ1861 እስከ 1891 ያሉት አራቱ አስቀድሞ በመንግሥት ትእዛዝ ተደምስሰው ነበር። ሙሉ ሆነው የተረፉት ጥንታዊ ቆጠራዎች የ1901 እና የ1911 ብቻ ናቸው። እንግዲህ ፈላጊዎቹ ምን አደረጉ ቢባል፣ ታላቁ መዝገብ ቢጠፋ ወደ ትንንሾቹ ዞሩ። የካቶሊክ ደብሮች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ ከ1864 ጀምሮ የተያዘው የልደትና የሞት መዝገብ፣ ከ1847 እስከ 1864 ለግብር ሲባል ቤቱና መሬቱ ሁሉ በየባለይዞታው ስም የተገመተበት የግሪፍዝ መዝገብ፣ የመቃብር ጽሑፍም ተሰበሰበ። ከሁሉ በላይ የተማሩት ነገር፣ የመንደር ስም ከሰው ስም ይልቅ እንደሚጠቅም ነው። በአየርላንድ ከ60,000 የሚበልጡ ትንንሽ የገጠር ቀበሌዎች አሉ፤ የአያቱን ቀበሌ ያወቀ ሰው ሥራው ተጋምሷል።

ወደ ወሎ ስንመለስ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. የደረሰው ረኃብ በየመንደሩ ከሁሉ አስቀድሞ የጎዳው ሽማግሎችንና ሕፃናትን፣ ማለት ነጋሪውንና ሰሚውን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። አዋጁ የባላባትን ጭቈና በማስወገዱ የብዙ ገበሬ ደስታ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬት የሚገኘው በገበሬ ማኅበር አባልነት እንጂ አባት በመቁጠር ስላልሆነ፣ ቆጠራ በዳኛ ፊት የሚፈተንበት ሥርዓት ቆመ። ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ የ1977 ዓ. ም. ረኃብ ደረሰ። በዚያን ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ 600,000 ያህል ሰዎች አሰፈረ፤ ከእነርሱም ብዙው ክፍል ከወሎ ነበር። በኢሉባቦር፣ በከፋ፣ በወለጋና በመተከል ሰፈሩ።

የአየርላንዳዊው ስደተኛ የልጅ ልጅ በቦስተን ከተማ የሚጠይቀውን ጥያቄ ዛሬ የሚጠይቀው እንግዲህ የእነዚህ ሰፋሪዎች ልጅ ነው። «እናቴ የሀብሩ ሰው ናት ይባላል፤ ደብሯ ግን ማን ነው? ወንድሞቿስ አሉ?» ይላል። በእጁ ያለው ወረቀት ቢኖር «ወሎ ክፍለ ሀገር፣ የጁ አውራጃ» ይላል፤ ዛሬ ግን አገሩ የሚጠራው በዐማራ ክልል የሰሜን ወሎ ዞን ተብሎ ነው። የአስተዳደሩ ስም ሲለወጥ የደብሩና የጎጡ ስም ግን አልተለወጠም።

ፍለጋው ስለሚመራበት ሥርዓት

ከላይ ከተነገረው ሁሉ የሚከተሉትን ደንቦች ማውጣት ይቻላል።

1ኛ፤ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው መሄድ ነው። ከዝነኛ አባት ተነሥቶ ወደ ራስ መውረድ የተለመደ ስሕተት ነው። ፈላጊው ከራሱ ጀምሮ አንድ አንድ ደረጃ ይውጣ፤ የእናቶችንም ስም ከነአባቶቻቸው ይጻፍ።

2ኛ፤ ሽማግሎችን ለየብቻ መጠየቅ ነው። በጉባኤ ሲጠየቁ ታላቁ የተናገረውን ታናሹ አያፈርስበትም። አሮጊቶችን መጠየቅ በተለይ አይዘንጋ፤ ወንዱ የርስቱን አባት ሲቈጥር፣ ሴቲቱ ማን ከማን ጋራ እንደ ተጋባና ማን ሳይወልድ እንደ ሞተ ታውቃለች።

3ኛ፤ የሰውን ስም ከደብሩ ወይም ከመስጊዱ፣ ከጎጡና ከርስቱ ስም ጋራ አያይዞ መጻፍ ነው። የዓለም ስሙንም የክርስትና ስሙንም መያዝ ያስፈልጋል።

4ኛ፤ ዘመኑን በታወቀ ነገር መወሰን ነው። ሽማግሌ የተወለደበትን ዓመት ባያውቅ በክፉ ቀን፣ ይኸውም ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም.፣ በዐድዋ ዘመቻ በ1888፣ በሰገሌ በ1909፣ በኅዳር በሽታ በ1911 ወይም በማይጨው በ1928 ዓ. ም. ማን ሕፃን፣ ማን ጐልማሳ እንደ ነበረ ያውቃል። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢታሰብ ሰባት ትውልድ ከ175 እስከ 210 ዓመት ይሆናል። ሰባት አባት ብቻ ቆጥሮ ከግራኝ ዘመን ሰው የሚደርስ ሐረግ እንግዲህ ብዙ ስም እንደ ጐደለው በዚህ ይታወቃል።

5ኛ፤ ትንንሽ ጽሑፎችን አለመናቅ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተሰጡ የግብር ደረሰኞች፣ የርስት ክርክር የፍርድ ግልባጮች፣ የሰማንያ ውልና ኑዛዜ በየቤቱ በሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። በደብር ወንጌልና በመልክአ መጽሐፍ ነጭ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታና የምስክሮች ስም ይጻፋል፤ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እንዲህ ያለ ማስታወሻ የያዘ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። በየብራናው መጨረሻም ያጻፈው ሰው ከነቤተ ሰቡ ስም በጸሎት ይታወሳል። በእስላሙ ቤት በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ ኪታቦች ኅዳግ ተመሳሳይ ጥቅም አለው።

6ኛ፤ ማን ይጠቀምበታል ብሎ መጠየቅ ነው። ስለ ርስት የተባለ ቆጠራ ወደ ርስቱ ያዘነብላል፤ ስለ ሹመት የተባለው ወደ ሹመት። ሁለት ባላጋሮች የተስማሙበት ስም ግን ከሁሉ የታመነ ነው።

በዘመናችን በምራቅ የሚደረገው የዲ. ኤን. ኤ. ምርመራ እነዚህን ደንቦች አይተካም። ሁለት ሰዎች ዘመዳማቾች መሆናቸውን ሊያስረዳ ይችላል፤ የቅድመ አያትን ስምና ደብር ግን አይናገርም።

ማሳረጊያ

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። የሕግ ጥቅም እንዳለው የታወቀ ነው። አያቱ በአየርላንድ ምድር የተወለደ ሰው የዚያን አገር ዜግነት መጠየቅ ይችላል፤ በእኛም አገር በ1994 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 270 ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ አገር ዜጋ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ እንዲያገኝ ፈቅዷል። የልደትና የሞት መዝገብ ግን በአገሪቱ በጠቅላላ መያዝ የጀመረው በ2008 ዓ. ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ሕዝብ ዋናው መዝገብ የሰው አፍ ነው።

ነገር ግን ቆጠራ መራራ ወገንም እንዳለው መሸሸግ አይገባም። ጨዋና ባሪያ፣ ባለርስትና ጥበበኛ እየተባለ ሰው ከሰው የተለየው በዚሁ ቆጠራ ነው። ከአንዳንድ ሐረግ አንድ ስም የተፋቀው ተረስቶ ሳይሆን ታፍሮበት ነው። ዛሬ የሚጽፍ ሰው ያን ስም ወደ ስፍራው ቢመልስ እውነትንም ፍርድንም ያገለግላል። የሞቱትን ስም በእውነት መመለስ ተገቢ ነው፤ በሕይወት ያሉትን ግን ያለ ፈቃዳቸው በአደባባይ ማውጣት አይገባም።

የየጁን ሐረግ እስከ መጨረሻው በቅንነት የሚቈጥር ሰው እስላምና ክርስቲያን፣ ዐማርኛ ተናጋሪና ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ነባርና መጤ አባቶችን በአንድ ቤት ውስጥ ማግኘቱ አይቀርም፤ ከ128ቱ አንዱን ብቻ የሚጠራ ሰው ግን ይህን አያይም። በ1977 ዓ. ም. ጐልማሳ የነበሩት የወሎ ሰዎች ዛሬ ሽምግልና ላይ ናቸው። ርስት በሙግት ይፈተን በነበረበት ዘመን የአባቶቻቸውን ስም በጆሯቸው የሰሙት የመጨረሻዎቹ እነርሱ ናቸው። በወልድያ፣ በመርሳና በየገጠሩ ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው የአያቶቻቸውን ቃል በአንድ ደብተር ቢጽፉ፣ የደብሊኑ እሳት ካጠፋው የሚበልጥ መዝገብ በጥቂት ዓመት ሊሰበሰብ ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተር፣ ትዕግሥትና ሽማግሌው ከማረፉ በፊት ቀርቦ መጠየቅ ነው።